የተጨማደደ ካክተስ ውኃ ከማጠጣትዎ በፊት

አዳማ ውስጥ በረንዳው ላይ ካክተስ ያስቀመጠ ሰው ከጎረቤት የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እሱ ምን ይፈልጋል? ብትረሳውም አይሞት»። ብዙ ተክል የሚያስፈጀውም ምክሩ ግማሽ እውነት በመሆኑ ነው። ካክተስ በጥማት የሚሞተው እጅግ ዘግይቶ ሲሆን በውኃ ብዛት ግን ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ከሥሩ ጀምሮ ባለቤቱ ሳያውቅ ያልቃል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሁለቱም ችግሮች መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ማሳየታቸው ነው፤ ገላው ይጨማደዳል። የጠማው ተክል በውስጡ ያጠራቀመውን ውኃ ስለጨረሰ ይኮማተራል፤ ሥሩ የበሰበሰበት ደግሞ ርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ የሚጠጣበትን ሥር ስላጣ ይኮማተራል። ስለዚህ ጭምድድ አይቶ ወዲያው ውኃ ማፍሰስ አንዱን ያድናል፣ ሌላውን ይገድላል።

የመጀመሪያውን ካክተሴን ያጣሁት በዚሁ ስህተት ነው። ከመንገድ ዳር የገዛሁት፣ ቢጫ እሾህ የወረሰው ኳስ መሰል ተክል ነበር። የካቲት ላይ ጎኑ መጨማደድ ሲጀምር በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ጠምቶት ነው፤ ውኃ አትንፈገው» አሉኝ፤ እኔም ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ሲኒ ውኃ እያፈሰስኩለት ሦስት ሳምንት ያህል ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጎን አዘንብሎ አገኘሁት። በጣቴ ስነካው ከአፈሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ያለው ክፍል እንደበሰለ ፓፓያ ሰመጠ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ብድግ ሳደርገው ያለ ሥር ወጣ። አፈሩ ውስጥ የቀሩት ሥሮች ሲሳቡ ልጣጫቸው እንደ እጅጌ እየተንሸራተተ የሚወልቅ፣ በውስጣቸው ቀጭን ክር ብቻ የቀረባቸው ነበሩ። ከሲሚንቶ የተሠራውን ማስቀመጫ ገልብጬ ሳየው ደግሞ ከታች አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ያለው ተክል በእርግጥ ካክተስ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠቅማል። በአገራችን ቁልቋል የምንለው፣ በስምጥ ሸለቆ ዳገቶችና በየአጥሩ የሚታየው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ዛፍ፣ መልኩ ካክተስ ቢመስልም ዘሩ ሌላ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ይህ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የካክተስ ቤተሰብ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን የምንበላው በለስም ከዚያው የመጣ እንግዳ ነው። በካክተስ ላይ እሾኾቹ የሚወጡት ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ጉብታ ነው፤ የቁልቋል እሾህ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠርዙ ይወጣል እንጂ እንዲህ ያለ ጉብታ የለውም። የውኃ አያያዛቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሁለቱም ይሠራል፤ ቢላ በሚነሳበት ጊዜ ግን ለቁልቋል ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል።

ከአፈሩ በፊት ገላውን፣ ከገላው በፊት ክብደቱን

የተጨማደደ ካክተስ ሲያዩ መጀመሪያ ማስቀመጫውን ብድግ ያድርጉት። አፈሩ የደረቀ ማስቀመጫ ከጠበቁት በላይ ይቀላል፤ የረጠበ ደግሞ ውኃ ካጠጡት ብዙ ቀን ቢሆነውም ከባድ ነው። ይህን ልዩነት እጅ እንዲለምደው ውኃ ባጠጡ ማግስት አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ማንሳት ይበቃል። ማስቀመጫው ለማንሳት የሚከብድ ትልቅ ከሆነ ቀጭን ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ድረስ ሰክተው አሥር ደቂቃ ያህል ከተዉ በኋላ ያውጡት፤ ጠቁሮ ወይም አፈር ተለጥፎበት ከወጣ ከታች ገና ርጥበት አለ። የላዩ አፈር ምስክር አይሆንም፤ በአዳማ ነፋስ የላይኛው ሁለት ሳንቲሜትር በአንድ ቀን ሲደርቅ ከታች ያለው ለሳምንት ጭቃ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከከተማው ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ግንዱን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በእሾኾቹ መካከል፣ በእርሳስ ጫፍ ወይም በጣት ይጫኑት። ጠምቶት የተኮማተረ ካክተስ ጎኑ ቢጨማደድም እንደ ወፍራም ጎማ መልሶ ይገፋል፤ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዞ ይሆናል እንጂ አረንጓዴ ነው። ከውኃ ብዛት የተነሳ የሚበሰብሰው ግን ሲጫኑት የሰመጠው ቦታ አይመለስም፤ ቆዳው ውኃ የቋጠረ ይመስላል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል። አፍንጫም ይረዳል፤ በማስቀመጫው ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ሲያሸቱት የደረቀ አፈር ሽታ ካለው መልካም ነው፣ የተበላሸ ጎመን ዓይነት ሽታ ካለው ግን ሥሩ ሄዷል።

አፈሩ ደረቅ፣ ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ጠምቶታልና ያጠጡት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭምድዱ መለስ ማለት ይጀምራል። አፈሩ ርጥብ፣ ግንዱ የተጨማደደ ከሆነ ግን ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ከማስቀመጫው አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ። ደረቅ አፈር ላይ ያለ፣ በደንብ ውኃ አጠጥተውት ከሁለት ሳምንት በኋላም ያልሞላ ካክተስም እንዲሁ መውጣት አለበት፤ ሥሩ ቀደም ሲል በድርቀት ሞቶ ወይም በተባይ ተበልቶ ይሆናልና። ለማውጣት ጋዜጣ አራት አምስት ጊዜ አጥፈው እንደ ቀበቶ ወገቡ ላይ ይጠምጥሙ። ጤነኛ ሥር ከነጭ እስከ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን ሲስቡት ይጠነክራል።

ነጠብጣቡ የሚናገረው

ገላው ላይ ለሚታይ ማናቸውም ጠባሳ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ከየት ጀመረ፣ ደረቅ ነው ወይስ ርጥብ፣ ቆሟል ወይስ እየሰፋ ነው። የመጨረሻውን ለማወቅ የጠባሳውን ዳር በእስክሪብቶ ነጥብ ምልክት አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ በሳምንቱ ከምልክቱ አልፎ ከሄደ ሕያው ችግር ነው፣ ካልሄደ ግን ያለፈ ታሪክ ነው። ካክተስ ቆዳውን አይቀይርም፤ በልጅነቱ የተላላጠው ሁሉ እስከ እርጅናው አብሮት ይኖራል። በሐምሌ በረዶ የተመታ ወይም ሲጓጓዝ የተፋቀ ቦታ ደርቆ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚያ መድኃኒት መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከታች፣ ከአፈሩ ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ በዓመታት ወደ ላይ የሚወጣ፣ ደረቅና ጠንካራ፣ የጠርሙስ ቡሽ የመሰለ ቡናማ ሽፋን እርጅና ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጥና የፈንገስ መድኃኒት ይረጫል። ሲጫኑት እንደ እንጨት የጠነከረ ከሆነ ይተዉት። ልክ እንደዚሁ ያለ ዝገት የመሰለ ቀለም ከአናት፣ ማለትም አዲስ እድገት ከሚወጣበት ቦታ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ግን እርጅና አይደለም፤ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ለዓይን እጅግ ያነሰ ተባይ ሊሆን ይችላል። ይህ ተባይ ሙቀትና ድርቀት ስለሚስማማው የአዳማ በጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው አቧራማ ወቅት፣ ምቹ ጊዜው ነው። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ተክሉን በእርሳስ መታ መታ ያድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ የወደቁት ነጥቦች መንቀሳቀስ ከጀመሩ፣ በጣት ሲያሿቸውም ቀላ ያለ መስመር ከተዉ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በጠዋት በኃይለኛ የውኃ ፍንጣቂ አናቱን ማጠብ፣ ይህንንም በየአምስት ቀኑ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ብዙውን ይቀንሰዋል፤ በሚታጠብበት ጊዜ ግን አፈሩን በላስቲክ መሸፈን አይርሱ፤ አለበለዚያ አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ይሆናል። ጠባሳው አይጠፋም፤ ከአናቱ የሚወጣው አዲስ ገላ ንጹሕ አረንጓዴ መሆኑ የመዳኑ ምልክት ነው።

የፀሐይ ቃጠሎ ሌላው የሚያደናግር ነው። በአንድ ወገን ብቻ፣ ፀሐይ በሚመታው ፊት ላይ፣ መጀመሪያ የነጣ ወይም የገረጣ ቢጫ፣ ኋላም ደርቆ ቡናማ የሚሆን ሰፊ ጠፍጣፋ ቦታ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ የበረንዳ ባለቤቶች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትውልም፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በደቡብ በረንዳ ጥላ ውስጥ የከረመ ተክል መስከረም ላይ ቦታውን ሳይለቅ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም «ምንም ሳልነካው ታመመ» ይላል። ከግድግዳና ከቆርቆሮ የሚንጸባረቀው ሙቀት ይህን ያባብሰዋል። ከጥላ መረብ ሥር የተገዛ ካክተስም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ መውጣት የለበትም፤ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያለማምዱት። በተቃራኒው አናቱ እየቀጠነ፣ እየነጣና ወደ መስኮቱ እየተንጋደደ የሚያድገው ብርሃን አጥሮት ነው፤ የቀጠነው ክፍል ብርሃን ቢያገኝም መልሶ አይወፍርም።

ነጭ ነገር ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በእያንዳንዱ የእሾህ ጉብታ ላይ በእኩል ርቀት የሚታይ ጥጥ የተክሉ የራሱ ነው። በጎድኖቹ መካከል ባሉት ስንጥቆችና በአናቱ ላይ ተሰባስቦ የተለጠፈ፣ በስንጥር ሲነካ የሚያጣብቅ ጥጥ ግን ተባይ ነው። በ70 በመቶ አልኮል የራሰ ጥጥ በወረንጦ ይዘው እያንዳንዱን ያብሱት፤ ሥራውን ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሥሩ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉም ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ይድገሙት፣ እንቁላሎቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉምና። ገላቸው ላይ ሰማያዊ አመድ የመሰለ ሽፋን ያላቸው ዝርያዎች አልኮል ሲነካቸው ሽፋኑ ይገፈፋል፤ ለእነሱ ጥጡን በስንጥር ብቻ መልቀም ይሻላል። በለስን በመሳሰሉ ጠፍጣፋ ካክተሶች ላይ ያለውን ጥጥ ሲጨፈልቁት ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ቀለም ከወጣ የቀይ ማቅለሚያ ምንጭ የሆነው ኮቺኒያል ነው፤ በትግራይ የበለስ ተክሎችን እጅግ የጎዳው ይኸው ነው። ይህን ካዩ ተክሉን ወዲያውኑ ከሌሎቹ ይለዩት። ተመሳሳይ ነጭ ተባይ ሥር ላይም ይገኛል፤ ከላይ ምንም ሳይታይ ለወራት ማደግ ያቆመ ካክተስ ሲነቀል በማስቀመጫው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። አፈሩን በሙሉ ጥለው፣ ሥሩን አጥበው፣ ለጥቂት ቀናት አድርቀው በአዲስ አፈር መትከል ነው መፍትሔው።

በአፈሩ ገጽ፣ በሸክላው ውጫዊ ግድግዳና በግንዱ ግርጌ ላይ የሚጋገረው ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ግን ከውኃው የቀረ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድና ሌሎች ጨዎች ይበዙበታል፤ ማፍላትም ውኃውን ስለሚቀንስ ጨዉን ያጠነክረዋል እንጂ አያጠፋውም። ለካክተስ የተሻለው የክረምት ዝናብ ውኃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ አጥበው ከወረዱ በኋላ ጀሪካን ሞልቶ በጥላ ማስቀመጥ ለበጋው ይበቃል። ያ ካልተገኘ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ የማስቀመጫውን መጠን ሁለት እጥፍ የሚያህል ውኃ በአንድ ጊዜ አሳልፎ ጨዉን በቀዳዳው ማጠብ ይቻላል። ባዶ ሸክላ ላይ ያለው ቅርፊት በአቼቶ ይለቃል፤ ተክሉ ላይ ግን አቼቶ አያድርጉ።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ደግሞ የጥጋብ ምልክት ነው። ለረጅም ጊዜ ተጠምቶ የቆየ ካክተስ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲያገኝ ቆዳው መስፋት አቅቶት ይተረተራል። ቁስሉ በአየር ይደርቃል፤ ቅባትም ሆነ ፕላስተር አያስፈልገውም፣ ደርቆ እስኪገጥም ድረስ ውኃ እንዳይነካው ብቻ ይጠብቁት። በገበያ የሚታዩት ቀይና ቢጫ አናት ያላቸው ትናንሽ ካክተሶች ግን ሁለት ተክሎች ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው፤ ባለ ቀለሙ ራሱን መመገብ የሚያስችለው አረንጓዴ ነገር የለውም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲጠወልግ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል።

ውኃውና አፈሩ

«በስንት ቀን ላጠጣው?» ለሚለው ጥያቄ የቀን ቁጥር መስጠት አልወድም፤ የእኔ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሸክላ በበጋ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲደርቅ፣ አጠገቡ ያለው ተመሳሳይ መጠን ያለው ፕላስቲክ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ደንቡ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ አጠጥቶ፣ ከሥሩ ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ደፍቶ፣ እንደገና እስኪደርቅ መተው ነው። በየቀኑ አንድ ሲኒ ማፍሰስ ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነው፤ ውኃው ወደ ታች ያሉት ሥሮች ሳይደርስ የግንዱን አንገት ብቻ እያራሰ ያበሰብሳል። የቡና አተላ መድፋትም እንዲሁ ነው፤ አተላው የአፈሩን ገጽ እንደ ክዳን ይለብጠዋል፣ ጥቃቅን ዝንቦችም ይራቡበታል። የማጠጫ ሰዓቱ ወደ ማታ ቢሆን መልካም ነው፤ ካክተስ ውኃ ለመቆጠብ ሲል ቀን የቆዳውን ቀዳዳዎች ዘግቶ የሚተነፍሰው ሌሊት ነው፣ የጋለ ሸክላ ላይ የሚፈስ ውኃም አይጠቅመውም።

በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ ሥር ያልገባ ካክተስ ውኃ ባያጠጡትም ይጠጣል። ማስቀመጫው በደንብ የሚያንጠፈጥፍ ከሆነ አንድ ሁለት ዝናብ ይጠቅመዋል፤ በተከታታይ የሚዘንብ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ያስገቡት። በጥቁር መረሬ የተተከለ ከሆነ ደግሞ አንዱም ዝናብ አይድረሰው፤ ይህ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። የአዳማ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ ሌላው አገር በውድ ገንዘብ ከአበባ መደብር የሚገዛው ፑሚስ፣ ያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ፣ እዚህ ለብሎኬት መሥሪያ በመኪና ይራገፋል። አንድ ከረጢት ለምነው ወይም ገዝተው በወንፊት ይንፉት፤ ዱቄቱን ጥለው፣ ከሽንብራ የማይበልጠውን አስቀርተው፣ ካጠቡት በኋላ ሁለት እጁን ከአንድ እጅ ተራ የአትክልት አፈር ጋር ይቀላቅሉ። ፑሚስ ካልተገኘ ቀይ አሸዋ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ያንኑ ይሠራል። ማስቀመጫው የቀለም ጣሳም ይሁን የተቆረጠ ጀሪካን ግድ የለም፤ ከታች ቢያንስ ሦስት ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ በሌለው ማስቀመጫ ከሥር ጠጠር መደልደል ውኃውን አያስወጣም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለውን አፈር ርጥብ አድርጎ ያቆየዋል እንጂ።

ቢላ ሲያስፈልግ

ግርጌው የለሰለሰ ካክተስ በማድረቅ ብቻ አይድንም፤ ብስባሹ በውስጡ ወዳለው ሥጋ እየወጣ ነውና በየቀኑ የሚድነው ክፍል ያንሳል። ስለታም ቢላ በአልኮል ጠርገው ከለሰለሰው ቦታ ከፍ ብለው አግድም ይቁረጡ። በተቆረጠው ፊት መሐል ላይ ቀለበት የመሰለ ክብ ያያሉ፤ ቀለበቱ ወይም በዙሪያው ያለው ሥጋ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነጥብ ካለበት፣ ነጥቡ የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ፣ ቢላውን እንደገና ጠርገው አንድ ጣት ከፍ ብለው ይቁረጡ። ፊቱ ሁሉ አንድ ወጥ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ነጭ እስኪሆን ይህ ይደገማል፤ ማዘን እዚህ ላይ ነው ተክሉን የሚያስጨርሰው። በቁስሉ ላይ የድኝ ዱቄት ይነስንሱ፤ ድኝ ከሌለ ከወጥ ቤት የተገኘ ቀረፋም ይሆናል።

የዳነውን ክፍል አፉ ሰፋ ባለ ባዶ ብርጭቆ ላይ አቁመው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ጣት የሚያህለው በአንድ ሳምንት፣ ክንድ የሚያህለው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ቁስሉ ደርቆ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ውኃ አይቀምስም፣ ቢኮማተርም አይደንግጡ። ከዚያ በደረቀው ድብልቅ አፈር ላይ ሳይቀብሩት፣ ግርጌው ብቻ እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡትና እንዳይወድቅ በሦስት ጠጠር ይደግፉት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው በጋዜጣው ቀበቶ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ብድግ ካለ ገና ነውና መልሰው ያስቀምጡት፣ አፈሩን ይዞ እንቢ ካለ ግን ሥር አውጥቷል፣ የመጀመሪያውን ውኃ በዚያው ማታ ያጠጡት።